ባሕሩ የሄደበት እሑድ

ልጄ የምትማርበት ዩኒቨርሲቲ ውቅያኖስ ዳርቻ ላይ መሆኑን ያወቅኩት ከሄደች በኋላ ነው። ከመሄዷ በፊት የማውቀው አገሩ ኮሪያ መሆኑን፣ ነጻ የትምህርት ዕድል መሆኑን፣ አንድ ዓመት ቋንቋ ተምራ ከዚያ ምህንድስና እንደምትገባ ብቻ ነበር። ወረቀቱን አሳይታኛለች። እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። አማርኛ አነባለሁ፣ እንደምታዩት እጽፋለሁም፣ የፈረንጅ አፍ ወረቀት ሲሰጡኝ ግን የማየው ማኅተሙን ነው። ማኅተም ነበረው። አልቅሼ ሸኘኋት።

በደረሰች በሦስተኛው ቀን ፎቶ ላከች። ወንበር አለ፣ ጠረጴዛ አለ፣ ከጠረጴዛው ጀርባ አንዱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ ነው። ሥዕል የለጠፉ መስሎኝ እንዴት ያምራል አልኳት። ሳቀችብኝ። «እማ፣ መስኮት እኮ ነው። እሱ ባሕሩ ነው» አለች። ቆሜ ነበር፣ ቁጭ አልኩ። ክፍሉና ውሃው መካከል ምን አለ ብዬ ጠየቅኳት። መንገድ አለ፣ ከመንገዱ ቀጥሎ ድንጋይ አለ፣ ከዚያ ባሕሩ ነው አለችኝ፤ እንደ ቀላል ነገር።

ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ፋብሪካ ነው የምሠራው፤ ከተሰፋው ልብስ ላይ ትርፉን ክር እየቆረጥኩ አሳልፋለሁ። በምሳ ሰዓት ፎቶውን ለሴቶቹ አሳየኋቸው። አንዷ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ይሄ ትምህርት ቤት ነው ወይስ ሰርግ የሚደገስበት ሆቴል አለች። ሌላዋ ልጅሽ ልትማር ሳይሆን ልትዝናና ነው የሄደችው፣ መንግሥት ይወቅልሽ አለችኝ። ሁላቸውም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ ግን ምሳዬን መብላት አልቻልኩም።

የኔን ፍርሃት የድሬዳዋ ሰው ያውቀዋል። እኛ ጋ ውሃ ማለት ደቻቱ ነው። ደቻቱ ከተማውን ሁለት ቦታ የከፈለ ወንዝ ይባላል እንጂ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው። ሰው አቋርጦት ይሄዳል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ዕቃ ዘርግቶ የሚሸጥበትም አለ። ታዲያ አንድ ቀን እኛ ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ፀሐይ አናታችንን እየበሳን፣ ደንገጎ በኩል ተራራው ላይ ዝናብ ይጥላል። ከዚያ ይመጣል። ድንጋይ እያንከባለለ፣ እየጮኸ ነው የሚመጣው። ልጄ ጡት እየጠባች ሳለ የመጣው ጎርፍ ስንቱን ጎረቤታችንን ወሰደ። ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ የወጡትን፣ ጣሪያ ላይ የወጡትን፣ ከነወጡበት ነው የወሰዳቸው። ዳር ድረስ የሮጥነው ተረፍን። አሁን ያለንበት ሳቢያን ሰፈር የገባነው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ ልጄ በእግሯ መሄድ ከጀመረችበት ቀን አንስቶ ያስተማርኳት ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛው፣ አሸዋው ላይ ከመውረድሽ በፊት ተራራውን እይ፤ ከጠቆረ አትውረጂ፣ ጥርት ካለ ሂጂ። ሁለተኛው፣ ውሃ ካየሽ ሩጪ፤ ድንጋይ ላይ ልውጣ አትበይ፣ ወደ ዳር ሩጪ። እሷም ሰምታኝ አደገች። ደብተሯን ይዛ ደቻቱ ጠርዝ ላይ ቆማ አንገቷን ወደ ተራራው ስታዞር ስንት ቀን አይቻታለሁ።

እዚያ ከሄደች በኋላ በየቀኑ የምትነግረኝ ነገር ሁሉ ያስደነግጠኝ ነበር። ትልልቅ ነጫጭ ወፎች አሉ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ምሳ ሲበሉ መጥተው ዳቦ ከእጃቸው ይነጥቃሉ። አንድ ጠዋት ጉም ከባሕሩ ወጥቶ ሕንጻውን ሸፍኖት ክፍሏን በዳበሳ ነው ያገኘችው። ፈተና ላይ ተቀምጠው መርከብ ሲጮህ የመልስ ወረቀቷ ከእጇ ወደቀ፣ ሌሎቹ ቀና እንኳ አላሉም። መስኮቱ ጥግ የሚቀመጡትን ተማሪዎች አስተማሪዋ ታውቃቸዋለች፣ ውሃውን ሲያዩ ስለሚውሉ ውጤታቸው ዝቅ ይላል ትላለች። ልጄ መስኮቱ ጥግ ነበረች። ታጥቦ የተሰጣ ልብሷ ሲደርቅ ጨው ጨው ይላል አለችኝ። ይሄን ስትነግረኝ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ማታ ሻርፔን አሽትቼዋለሁ።

ጓደኛዋ የሞንጎሊያ ልጅ ናት። የሷም አገር እንደኛው ባሕር የለውም። ሁለቱ ባሕር የማያውቁ ልጆች አንድ ክፍል ደረሳቸው። ከትምህርት መልስ በውሃው ዳር ነው የሚሄዱት። እኔ በደወለች ቁጥር ዳር እንዳትቀርቢ እላለሁ፣ እሷ ደግሞ እማ፣ አልጋዬ ራሱ ዳር ነው ያለው ትለኛለች።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ልብስ አጥቤ ሳሰጣ በቪዲዮ ደወለች። እኛ ጋ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት አልፏል፤ እነሱ ጋ ከሰዓት በኋላ ነው። ንፋሱ ፀጉሯን ፊቷ ላይ እየጣለባት ትስቃለች። «እማ፣ ጉድ ላሳይሽ» ብላ ስልኩን አዞረችው። ባሕሩ የለም። ያ ሁልጊዜ ከጀርባዋ የማየው ውሃ እንዳለ የለም። አሸዋና ጭቃ ነው፣ እስከ ዓይን መጨረሻ። ጀልባዎቹ በጎናቸው ተኝተዋል። ያኔ የደነገጥኩትን እስካሁን አስታውሳለሁ፣ እጄ ላይ የነበረው እርጥብ አንሶላ መሬት ላይ ወደቀ። የት ሄደ አልኳት። ሄደ፣ በቀን ሁለት ጊዜ እየሄደ ይመለሳል አለችኝ። ተማሪዎቹ ውሃው ሲሄድ በእግራቸው እዚያ ትንሽ ደሴት ድረስ ይሄዳሉ፣ እኛም ዛሬ ልንሄድ ነው ብላ በሩቁ ዛፍ የበቀለበት ጉብታ አሳየችኝ።

እዚህ ላይ ነው እውነቱን መጻፍ ያለብኝ። ፍርሃቴ ለቀቀኝ። እሷ ከሄደች ጊዜ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ለቀቀኝ። ባሕር አላውቅም፣ አሸዋ ግን አውቃለሁ። ያየሁት ደቻቱን ነው። ሰዎች በላዩ ላይ ይሄዳሉ፣ ሕፃን አዝሎ የሚሄድም አየሁ። ስለዚህ የማውቀውን ጠየቅኳት።

«ተራራውን አይተሻል?»

«አይቻለሁ እማ» አለችና ስልኩን ወደ ኋላዋ መለሰችው። ከዩኒቨርሲቲው ጀርባ ያለው ተራራ ጥርት ብሏል፣ የመዳፍ ያህል ደመና የለበትም።

«በይ ሂጂ፣ ፎቶ አንሺልኝ» አልኳት። በራሴ አፍ ነው ያልኩት።

ስልኩን ዘግቼ አንሶላውን መልሼ አለቀለቅኩት። ሌላውንም አሰጣሁ። ከልጄ ጋር ከተነጋገርን አንድ ሰዓት ሊሞላን ሲል ጎረቤቴ ባልዲዬን ልትመልስ መጣች። ሶማሌ ናት፣ ጅቡቲ ተወልዳ አድጋ ነው ድሬ የገባችው፤ ሰፈሩ ጅቡቲዋ እያለ ነው የሚጠራት። ደስ ብሎኝ ስለነበር ነገርኳት። ልጄ ያለችበት ባሕር ደርቆ በላዩ እየሄደችበት ነው አልኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር። ባልዲውን መሬት አስቀመጠችና ከሄደች ስንት ሰዓት ሆናት አለችኝ። ሰዓቱን ነገርኳት። አሁንስ ተመልሳለች ወይ አለችኝ። አላውቅም፣ ግን ስጋት የለም፣ ተራራው ጥርት ያለ ነው፣ አይቼዋለሁ አልኳት።

«አቦ፣ ተራራ ከባሕር ጋር ምን አገናኘው?» አለችኝ። «ባሕር ዝናብ አይጠብቅም። ሰዓቱን ጠብቆ ነው የሚመጣው። ደውዪ። አሁን ደውዪ።»

ሁለቴ ደወልኩ፣ አልተነሳም። በሦስተኛው ተነሳ። ደሴቱ ላይ ናቸው፣ ዛፍ ሥር ተቀምጠው የያዙትን ምግብ ይበላሉ፣ የሞንጎሊያዋ ልጅ አፏ ሙሉ ሆኖ እጇን አወዛወዘችልኝ። የመጣችሁበትን መንገድ አሳዪኝ አልኳት። ተነስታ ስልኩን አዞረችው። አሸዋው አለ። ግን ከአሸዋው ወዲያ፣ በዩኒቨርሲቲው በኩል፣ በነሱና በዳሩ መካከል አንድ የሚያብለጨልጭ ነገር ተጋድሟል። እማ፣ ውሃ ነው አለች። ድምፅዋ ተለወጠ። እኔ ባሕሩ ከሄደበት፣ ከሩቁ፣ ከፊት ይመጣል ብዬ ነበር። በጀርባቸው ነው የዞረው። ፀሐዩ እንዳለ ነው፣ ተራራው እንዳለ ነው፣ ድምፅ የለም። ደቻቱ ሲመጣ ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ይሄ ምንም አላሰማም።

«ሩጪ» አልኩ። «ወደ ዳር ሩጪ፣ ልጄ፣ ሩጪ።»

ስልኩ ውስጥ ዛፉ ጠፋ፣ ድንጋይ አለፈ፣ ከዚያ የጫማዋን ጫፍና አሸዋ ብቻ ማየት ጀመርኩ። ትንፋሿ ይሰማኛል። ከኋላዋ ሌላይቱ ልጅ በማላውቀው ቋንቋ ትጮኻለች። ቀጥሎ የውሃ ድምፅ መጣ፣ ቦጭረቅ ቦጭረቅ የሚል፣ እግር ውሃ ውስጥ ሲገባ።

ጎረቤቴ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። «ሆዮ» አለቻት፣ ሶማሌ እናት ልጇን እንደምትጠራው። «ቁሚ። ተመለሺ። የወጣሽበት ድንጋይ ላይ ተመልሰሽ ውጪ።»

ስልኩን ልቀማት ተናነቅኳት። ድንጋይ ላይ የወጡት ምን እንደሆኑ እኔ ነኝ የማውቀው፣ አንቺ አታውቂም፣ ትሩጥ እላታለሁ። በክርኗ ደረቴን ገፍታ አራቀችኝ፣ ዓይኗን ከስልኩ አልነቀለችም። ያ ውሃ አሁን ከሥሩ ጉድጓዱንና ቦዩን እየሞላ ነው፣ የቆምሽበት ጉልበት ከሆነ ሁለት እርምጃ ወዲያ አንገት ይሆናል አለቻት። ዛፍ እስከበቀለበት ድረስ ውጡ፣ ጨው ውሃ ዛፍ ካለበት አይደርስም፣ እዚያ ተቀመጡና ከሁለታችሁ ቋንቋውን የምትችለው የነፍስ አድን ሰዎች ጋ ትደውል አለቻት። እኔ ከኋላዋ ሆኜ ሩጪ እያልኩ ነው። ልጄ ሁለታችንንም ትሰማለች። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ።

ስልኩን ተቀብያት መልሼ ልደውል ስል ጎረቤቴ እጄን ያዘችኝ። አትደውዪ፣ ባትሪዋን ትጨርሺባታለሽ፣ ስልኩ ለሷ ነው የሚያስፈልጋት አለችኝ። የሰማሁት ሁሉ አስደንግጦኝ ነበር፣ እንደዚህ ግን ደንግጬ አላውቅም። ልጄ ውሃ ውስጥ ናት፣ ስልኩ እጄ ላይ ነው፣ አትንኪው ተባልኩ።

በዚያች ሰዓት የተናገርኩትን አሁን ስጽፈው አፍራለሁ። ልጄን ድንጋይ ላይ አስቀመጥሽብኝ አልኳት። ሮጣ ታመልጥ ነበር፣ አንቺ መለስሽብኝ፣ ብትሞት ደሟ በአንቺ ነው አልኳት። ስድስት ዓመት ጎረቤት ኖረን አንድም ቀን ክፉ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። ደጃፉ ላይ ባልዲውን ደፍታ ተቀመጠችበትና ከንፈሯን ማንቀሳቀስ ጀመረች። እኔ ውስጥ ገብቼ ከእመቤታችን ሥዕል ሥር ተደፋሁ። እሷ በሷ፣ እኔ በኔ። ግቢው ውስጥ ከልብሱ ከሚንጠባጠበው ውሃ በቀር ድምፅ የለም። ጠብ፣ ጠብ ይላል። ወጥቼ ልጨምቀው አስቤ ነበር፣ ያን ድምፅ እንዳልሰማ።

ምን ያህል እንደቆየን ስልኩ ላይ በኋላ አይቼዋለሁ፣ አርባ ደቂቃ ነው። ለኔ ግን አርባ ደቂቃ አልመሰለኝም። የድምፅ መልእክት ገባ። ስልኩን ይዤ ወጣሁ፣ የከፈተችው ጎረቤቴ ናት። «እማ፣ ጀልባ መጣ። ደህና ነን። ደህና ነን እማ።» ጥርሷ ሲንገጫገጭ ይሰማል። ቀጥሎ ፎቶ መጣ። ሁለቱም ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሰው፣ በላዩ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ነገር ተጠቅልለው ጀልባ ውስጥ ተቀምጠዋል። ጎረቤቴ «አልሐምዱሊላህ» አለችና ተነስታ ሄደች። ባልዲዬን እንደተደፋ ትታው።

በማግሥቱ ከሥራ ስመለስ ቤቷ ሄድኩ። ምን ብዬ እንደምጀምር ሳስብ ደጃፏ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ከውስጥ ሆና ምነው፣ ዛሬ ደግሞ አንቺ ባልዲ ፈልገሽ መጣሽ አለችኝ። ግቢ አለችኝ። ገባሁ። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ይዛ አስቀመጠችኝና ልጅነቷን አወራችልኝ። ጅቡቲ ባሕሩ ሲሸሽ ከእህቶቿ ጋር ጭቃው ላይ ሸርጣን ሲለቅሙ፣ አንድ ቀን ሰዓቱ አልፎባቸው ድንጋይ ላይ እስከ ማታ ተቀምጠው ሲያለቅሱ አባቷ በጀልባ መጥቶ እንደገረፋቸው ነገረችኝ። ስለተናገርኳት ነገር አንድም ቃል አላነሳችም። ያ ነው የከበደኝ።

ዩኒቨርሲቲው ልጆቹን ጠርቶ አናገራቸው፣ የይቅርታ ደብዳቤ አጻፋቸው። ውሃው የሚመለስበት ሰዓት ዳሩ ላይ በትልቅ ሰሌዳ ተጽፎ ነበር። ልጄ በአጠገቡ አልፋለች። ፊደሉን ማንበብ ትችላለች። አላየችውም፣ ያየችው ተራራውን ነው።

እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ቃል ብቻ ነበረኝ። ነይ። ትምህርቱ ይቅር፣ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ነይ። ሥራ ልሄድ ስል ነይ፣ ስመለስ ነይ፣ በጽሑፍም ነይ። አለቀስኩባት፣ ታመምኩ ብዬም ዋሸኋት። እሷ ፈተና ደርሷል፣ እሺ እማ፣ እናወራለን እያለች ታሳልፈኛለች። በስምንተኛው ቀን ቁርጡን ንገሪኝ ብዬ ተቆጣሁ። ዩኒቨርሲቲውን የመመለሻ ትኬት ጠይቂ፣ አልጠይቅም ካልሽ እናትሽ አይደለሁም አልኳት።

ቪዲዮውን አጠፋችው። ፊቷን ሳላይ ነው የነገረችኝ።

«እማ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትቆጪ። ስልኩን አዙሬ መንገዱን ሳሳይሽ ጓደኛዬም ውሃውን አየችው። እዚሁ እንቆይ፣ ሰው እንጥራ እያለችኝ ነበር። እኔ ልስማማ ስል ነው ሩጪ ያልሽኝ። ያኔ ወረድኩ። እሷ ጮኸች፣ ግን ብቻዬን ስሄድ ስታይ ተከተለችኝ። ወገቤ ደረሰ። ጭቃው እግሬን ያዘው፣ አንድ ጫማዬ እዚያው ነው የቀረው። ሴትዮዋ ቁሚ ባትለኝ ኖሮ...»



ያኔ ነው ፎቶው የገባኝ። ጀልባው ላይ ሁለቱም ከወገባቸው በታች እርጥብ ነበሩ። ስምንት ቀን ሙሉ ፎቶውን ስከፍት ስዘጋ፣ እግራቸውን ብቻ የነካ የመሰለኝ ውሃ እንዴት ወገባቸው ደረሰ ብዬ አልጠየቅኩም። በኔ ቃል ውሃ ውስጥ የገባችው ልጄ ብቻ አይደለችም፤ አገሯ ቁጭ ብላ ምንም የማታውቅ የሌላ እናት ልጅም ናት። ያቺን ሴት አላውቃትም፣ ቋንቋዋንም አልሰማም። ልጇን ውሃ ውስጥ ያስገባኋት ግን እኔ ነኝ፣ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን፣ ግቢዬ ውስጥ ቆሜ። ባሕሩን ነበር ስፈራ የከረምኩት።

ልጄ የተቋረጠ መስሏት እማ፣ አለሽ አለችኝ።

አለሁ አልኳት። ስለዚያ ውሃ ከእንግዲህ እኔን አትስሚ አልኳት። ሰሌዳውን አንብቢ፣ እዚያ ተወልደው ያደጉትን ጠይቂ፣ ሲቸግርሽ ለጅቡቲዋ ደውዪ፣ ቁጥሯን እልክልሻለሁ አልኳት። የማለቅስ መስሏት እማ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ትልቅ ሰው ነኝ እኮ ማለት ጀመረች። ተይ አልኳት። ገና ያልጨረስኩት ነገር ነበረኝ። ስምንት ቀን ሙሉ ነይ ስላት የነበረው ያው ሩጪ ያልኩበት አፍ ነው። ድምፁም ያው ነው። አሁንም ልትሰማኝ ትችላለች፣ ሁለተኛ ዓመቷን ሳትጀምር ሻንጣዋን ይዛ ልትወርድልኝ ትችላለች፤ እናቷ ነኝና።

«ነይ ያልኩሽን ተይው» አልኳት። «ተማሪ።»

«እውነትሽን ነው?»

እውነቴን ነው አልኳትና አፌ መልሶ ነይ እንዳይላት ስልኩን ቶሎ ዘጋሁት።